የብየዳ ጭስና የሳንባ ምች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በያጅ ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ በሳንባ ምች ይጠቃል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ አዲስ ወሬም አይደለም። በእንግሊዝና ዌልስ የሟቾች መዝገብ በየሙያው እየተለየ ሲታይ፣ በሳንባ ምች የሚሞቱ በያጆች ቁጥር ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ መገኘት ከጀመረ ብዙ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ብልጫው የሚታየው ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉት ነው፤ ከ65 ዓመት በኋላ፣ ማለትም ሰውየው ማሽኑን ካስቀመጠ በኋላ፣ ይጠፋል። ምክንያቱ ሲጋራ ወይም ኑሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አብሮ ባልጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ እዚያው እንግሊዝ የተሠራ ሌላ ጥናትም አደጋው የሚያያዘው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከተሳበ የብረት ጭስ ጋር እንጂ ከድሮው ጋር እንዳልሆነ አሳይቷል።

በያጅ ብቻም አይደለም። በጋዝ የሚቆርጥ፣ ብረት አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ፣ በያጅ አጠገብ ቆሞ ብረት የሚይዝ ረዳት፣ ሁሉም ያንኑ ጭስ ይስባል። እንዲያውም ረዳቱ ብዙ ጊዜ ማስክ የሌለው እሱ ነው።

እሳቱ ማንኛውንም ተሕዋስ ይገድል የለ? ባክቴሪያው ከየት ይመጣል?

ከጭሱ አይመጣም። ዋናው ጥፋተኛ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ጭሱ የሚሠራው በሩን መክፈት ነው።

የብየዳ ጭስ ቅንጣት አብዛኛው ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ስለሆነ አፍንጫና የአየር ቧንቧ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ሲደርስ ሦስት ነገር ይከተላል። ባክቴሪያ የሚውጡት የሳንባ ጠባቂ ሴሎች የብረት ቅንጣት በመዋጥ ይጠመዳሉ። ጭሱ የነካቸው የአየር መንገድ ሴሎች ኒሞኮከስ የሚጣበቅበትን መያዣ በገጻቸው ላይ ያበዛሉ፤ ይህ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ከዚህ በላይ ደግሞ ባክቴሪያ ለመራባት ብረት ይፈልጋል፤ ሰውነታችን አብዝቶ የሚደብቅበትን ንጥረ ነገር ጭሱ ሳንባው ውስጥ ይበትንለታል።

ጋልቫናይዝድ ስበይድ ውዬ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ጠዋት ይተወኛል። ይሄ ምች ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም፤ የጭስ ትኩሳት ነው። ላሜራው ወይም ቱቦላሬው ላይ ያለው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ያመጣዋል። ጭሱ ከተሳበ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፦ አፍ ውስጥ ጣፋጭ የብረት ጣዕም፣ ጥማት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ቁርጥማት፣ ደረቅ ሳል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይለቃል። ሰኞ ይብሳል፤ ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ የለመደውን በሰንበት ዕረፍት ስለሚረሳው ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ልማድ ላይ ነው። አሥር ጊዜ የጭስ ትኩሳት ይዞት የተወው ሰው አሥራ አንደኛውንም «ያው ነው» ብሎ ይተኛል፤ እሱ ግን የሳንባ ምች ይሆናል። ስለዚህ የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

ትኩሳቱ 48 ሰዓት አልፎ ካልለቀቀ፣ ወይም ለቆ እንደገና ከተነሳ፣ የጭስ ትኩሳት ነው ማለትዎን ያቁሙ።

ትንፋሽ ሲስቡ ወይም ሲያስሉ በአንድ ጎን የሚወጋ ውጋት የጭስ ትኩሳት ምልክት አይደለም።

አክታውን በነጭ ሶፍት ላይ ይዩት። ከሥራ በኋላ በጥቁርና በግራጫ የተነጠበ አክታ የጭሱ ጥላሸት ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም የዛገ ቆርቆሮ ላይ ያለፈ ውሃ የሚመስል ቡናማ ከሆነ ግን ኢንፌክሽን ነው ብለው ይጠርጥሩ። የዛገ መልክ ያለው አክታ የኒሞኮከስ የታወቀ ምልክት ነው፤ በያጁ ግን «ከብረቱ ነው» ብሎ ይንቀዋል።

ተቀምጠው አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሽዎን ሰው ይቁጠርልዎ። ጤነኛ አዋቂ ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ንግግር ከተዘበራረቀ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ለማደር አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ካለ ከ90 በታች ማንበቡም ያው ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛውም ቢሆን ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ 93 አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም፣ ከዕለት ወደ ዕለት መውረዱ ነው የሚያስፈራው።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ካድሚየም የተቀባ ብሎን ወይም ካድሚየም ያለበት የብር ብየዳ ዘንግ ከተቃጠለ፣ መጀመሪያ ልክ እንደ ጭስ ትኩሳት ሆኖ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሳንባን ውሃ ሊሞላ ይችላል። ዝግ ቦታ ውስጥ በጋዝ ረጅም ሰዓት መቁረጥም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ኢንፌክሽን አይደለም፤ ግን ይገድላል።

ምች ከሆነ ዳማከሴ አይበቃም?

ስሙ ነው የሚያሳስተው። ፀሐይ መታኝ ተብሎ ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ሌላ፣ የሳንባ ምች ሌላ ነው። ዳማከሴ ታሽቶ መሽተቱን ማንም አይከለክልም፤ ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን በዳማከሴ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ከሕክምናው የተቀነሰ ቀን ነው።

ወተት መጠጣትስ?

ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ የሚወርደው ወደ ሳንባ ነው። ምግብነቱን እንጂ መከላከያነቱን አይቁጠሩት። አሠሪው በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ገዝቶ ማስክ ካልገዛ ገንዘቡ የተሳሳተ ቦታ ገብቷል።

ሐኪም ቤት ስሄድ ምን ልበል?

መጀመሪያ «በያጅ ነኝ» ይበሉ። ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሥራዎን የሚጠይቅዎ ሰው ላያገኙ ይችላሉ። ቀጥሎ ባለፈው ሳምንት ምን እንደበየዱ (ጥቁር ብረት፣ ጋልቫናይዝድ፣ ስቴንለስ፣ ቀለም የተቀባ)፣ ዝግ ቦታ ውስጥ እንደነበሩና እንዳልነበሩ፣ ትኩሳቱ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ከፋርማሲ ገዝተው የወሰዱት መድኃኒት ካለ ስሙንና ስንት ፍሬ እንደዋጡ ይንገሩ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንስጥ። ብዙ ዓመት የበየደ ሰው ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ የብረት ብናኝ በራጅ ላይ በሁለቱም ጎን እንደ ተበተነ ጤፍ ትናንሽ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሥራውን የማያውቅ ሐኪም የተሠራጨ ቲቢ ነው ሊል ይችላል። በተቃራኒውም ይሳሳታሉ፦ «በያጅ ነው፣ ብናኝ ነው» ተብሎ እውነተኛ ቲቢ ይታለፋል። መፍትሔው ግምት አይደለም፤ ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ አክታ ይመርመር፣ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ባክቴሪያ ከአክታ የሚለይ ምርመራ) ይደረግ። በአሸዋ እየተረጨ ዝገት የሚጠረግበት ቦታ ወይም ብረት ማቅለጫ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ የድንጋይ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ስለሚገባ ለቲቢ ያለው ተጋላጭነት በእርግጥ ከፍ ያለ ነው።

ከፋርማሲ ግማሽ ስትሪፕ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ሁለት ጉዳት አለው። መጠኑ ለሳንባ ምች አይበቃም፤ ባክቴሪያውን ሳይገድል ከደም ምርመራው ግን ይደብቀዋል። በጠና የታመመ ሰው የደም ናሙናው ሊወሰድ የሚገባው ከመጀመሪያው ፀረ ባክቴሪያ በፊት ነው፤ ይህ ማለት ግን ላብራቶሪ እስኪገኝ መድኃኒት ይዘግይ ማለት አይደለም።

«የበያጆች አባ ሰንጋ» የሚባለው ምንድን ነው? ከጥሬ ሥጋ ጋር ይያያዛል?

ከሥጋም ከከብትም ጋር አይያያዝም። አፈር ውስጥ የሚኖሩ የባሲለስ ሴሪየስ ቤተሰብ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ የአባ ሰንጋን መርዝ የሚሠራ ዘረመል ይዘው ተገኝተዋል። በአሜሪካ ሉዊዚያናና ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በያጆችና ሌሎች የብረት ሠራተኞች በዚህ ሳንባቸው ተመትቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገቡት 7 ሲሆኑ 5ቱ ሞተዋል። ወጣትና ጤነኛ የነበሩ አሉባቸው።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እዚህ ያለ በያጅ በዚህ እንቅልፍ ማጣት የለበትም። ቴክሳስና ሉዊዚያና የሚሠራ ወገን ግን ሊያውቀው ይገባል፣ ሐኪሙም እንደዚሁ። ምክንያቱም ሁለት ወጥመድ አለው። ባሲለስ ከደም ሲበቅል ላብራቶሪው ብዙ ጊዜ «ከቆዳ የገባ ብክለት ነው» ብሎ ይጥለዋል። ለተለመደው የሳንባ ምች የሚሰጡት የፔኒሲሊንና የሴፍትሪያክሰን ዘሮች ደግሞ በአብዛኛው አይነኩትም። ደም የሚተፋ፣ በሰዓታት የሚብስበት በያጅ ሲመጣ ባሲለስ መታሰብ አለበት፤ ለአባ ሰንጋ መርዝ የተሠራ ማርከሻም አለ።

ክትባት አለ?

አለ። አንዱ 23 ዓይነት ኒሞኮከስን የሚከላከለው ፒፒቪ23 የሚባለው ነው፤ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ አንድ መርፌ። የእንግሊዝ መንግሥት የክትባት አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ለብረት ጭስ በተደጋጋሚ ለሚጋለጡ ሠራተኞች አንድ ጊዜ እንዲሰጥ መክረዋል። ጀርመንም ለሚበይዱና ብረት ለሚቆርጡ በሥራቸው ምክንያት የኒሞኮከስ ክትባት ትመክራለች፤ እዚያ የምትሠሩ የድርጅቱን ሐኪም ጠይቁ። በአሜሪካ ብየዳ ለብቻው ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም፤ ሲጋራ ማጨስ ግን ይቆጠራል፣ በዚያ በኩል ማግኘት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ኒሞኮከስ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ለአዋቂ ግን በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ የለም። ፈልጎ በራስ ወይም በድርጅት ወጪ ማስከተብ ነው። ሲጋራ ለሚያጨስ፣ ስኳር ላለበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ላለ፣ ጣፊያው ለወጣ በያጅ ወጪው ይገባዋል።

ክትባቱ ግን ሁሉንም ዓይነት ኒሞኮከስ አይሸፍንም፤ ከኒሞኮከስ ውጭ ያለውን ጨርሶ አይነካም። ጭሱ ለሳንባ ካንሰርም ምክንያት ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ ፈርጆታል። ለዚህ መርፌ የለም።

የትኛው ማስክ ነው የሚሠራው?

የብየዳው ማስክ ዓይንና ፊት እንጂ ሳንባ አይጠብቅም፤ ጭሱ ከሥር ይገባል። የቀዶ ጥገና ማስክ፣ ሻሽ፣ እርጥብ ፎጣ የጭሱን ቅንጣት አይዙም። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው ቅንጣት አጣሪ ማስክ ከምንም ይሻላል። የእንግሊዝ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን ዝቅተኛው ይሁን የሚለው ግን ጭሱን 20 እጥፍ የሚቀንስ ነው፤ ይኸውም ኤፍኤፍፒ3፣ ወይም ፒ3 ማጣሪያ የተገጠመለት ግማሽ ፊት የሚሸፍን የጎማ ማስክ። ዋጋው ሲሰላ የጎማው ያዋጣል፤ ማጣሪያው ብቻ ይቀየራል፣ ቀጭኑ ዓይነትም ከብየዳው ማስክ ሥር ይገባል። ያለማቋረጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚበይድ ደግሞ በባትሪ ንጹሕ አየር የሚነፋው ራስ ላይ የሚጠለቅ ዓይነት ይሻላል።

ጢም ካለ ማስኩ አይሠራም። የሁለት ቀን ጢምም ቢሆን ጠርዙን ያነሳዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሥራ ሲያበቃ ማስኩን አውልቀው መስታወት ይዩ። አፍንጫ ግራና ቀኝ ወይም ጉንጭ ላይ ግራጫ መስመር ካለ ጭሱ የገባው በዚያ ነው። የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ጣት ይጫኑት፣ የላይኛውን ላስቲክ ከጆሮ በላይ፣ የታችኛውን ማጅራት ላይ ያድርጉ። ሁለቱንም ማጅራት ላይ ማድረግ የተለመደው ስህተት ነው።

ጋራዣችን በሩ ክፍት ነው፤ ደጅም እንበይዳለን። ይህ አይበቃም?

በቂ የሚሆነው ነፋሱ በጎን ሲመጣ ብቻ ነው። ሰው አጎንብሶ ሲበይድ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ፊቱ ይወጣል። ነፋስ ወይም ቬንትሌተር ከጀርባ ከመጣ ደግሞ በደረቱና በብረቱ መካከል አዙሪት ይፈጥርና ጭሱን ፊቱ ላይ ያቆመዋል። ቬንትሌተሩን በጎን፣ አየሩ ከግራ ወደ ቀኝ (ወይም በተቃራኒው) እንዲያልፍ ያድርጉት፤ ወደ ሌላ ሠራተኛ ግን አያዙሩት። በሲኦቱ ማሽን (ብየዳውን በጋዝ በሚሸፍነው) የሚሠራ ከሆነ ከሩቅ፣ በዝግታ ይሁን፤ ጋዙን ከበተነው ብየዳው አረፋ ይይዛል።

ቤት ውስጥ ግን ጭሱን ከምንጩ የሚስብ መሳሪያ ያስፈልጋል። ብዙዎች ገዝተው የሚያበላሹት በርቀቱ ነው። የሚስበው ቱቦ አፍ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ከብየዳው ከ15 ሳንቲ ሜትር መራቅ የለበትም፤ በዚያ ርቀት እንኳ የአየሩ ፍጥነት አፉ ላይ ከነበረው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። ግማሽ ሜትር ላይ የተሰቀለ አፍ ድምፅ እንጂ ሥራ የለውም። ብየዳው ወደፊት ሲሄድ አፉም አብሮ ይሂድ።

ያለ ወጪ የሚቀንስም አለ። አብዛኛው ጭስ የሚወጣው ከኤሌክትሮዱ እንጂ ከሚበየደው ብረት አይደለም፤ ስለዚህ ለቀጭን ቱቦላሬ ወፍራም ኤሌክትሮድ አይጠቀሙ፣ አምፔሩንም ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው በላይ አይስቀሉት። 2.5 ሚሊ ሜትር ተራ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ባለው ይሄዳል። አርኩን፣ ማለትም በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለውን ብልጭታ፣ ያሳጥሩ። ዚንክና ቀለም ሳይበየድ በፊት ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ይነሳ፤ ለመርዛማ ቀለም 10 ሳንቲ ሜትር ይመከራል። በግራይንደር ሲያነሱም ማስኩን አያውልቁ። በኮምፕረሰር ልብስና ወለል መንፋትን ይተዉ፤ የረጋውን ብናኝ እንደገና ወደ ሳንባ መመለስ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ቦቴ ወይም ጋን ውስጥ ገብቼ ስበይድ?

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ማጣሪያ ማስክም እዚህ አይበቃም፣ ኦክሲጅን አይፈጥርምና። ቦቴው መጀመሪያ ከነዳጅ ትነት መጽዳቱ በጋዝ መለኪያ ይረጋገጥ፤ በማሽተት አይፈተንም። በአንዱ አፍ ንጹሕ አየር ይግባ፣ በሌላው ጭሱ ተስቦ ይውጣ። ውጭ የሚቆም ሰው ይኑር፣ ችግር ቢመጣ ተከትሎ ዘልሎ የማይገባ። ከሲሊንደር ኦክሲጅን ለቆ «አየሩን ማደስ» ፈጽሞ አይደረግ፤ በኦክሲጅን የጠገበ ልብስ በአንድ ፍንጣሪ ይነዳል።

ከአንዱ በያጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል?

ባክቴሪያው በሳልና በምራቅ ይተላለፋል፤ ብዙ ሰው ተሸክሞት ብቻ ይቀራል፣ ጭስ የሚስበው ግን ይበልጥ ለመታመም ይጋለጣል። ለዚህ ነው የመርከብ ግንባታ ቦታዎች ላይ ወረርሽኝ የሚነሳው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤልፋስት፣ በ2019 ደግሞ ፊንላንድ ቱርኩ የመርከብ ሥራ ላይ ታይቷል፤ ቱርኩ ከ30 በላይ ሠራተኞች ታመው በሺዎች የሚቆጠሩ ተከትበዋል። ጭስ፣ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ፣ የጋራ መኝታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነበሩ።

ለአነስተኛ ጋራዥ ትርጉሙ ይህ ነው፦ አንድ የብየዳ ማስክ ለሦስት ሰው ከሆነ ውስጡንና የግንባሩን ላስቲክ በፈረቃ መሀል በሳሙና ውሃ ይጥረጉ። የመተንፈሻ ማስክ ግን የጋራ አይሆንም። የውሃ ኩባያና ሲጋራም መቀባበል ይቅር። የሚያስለው ሰው ቤቱ ይዋል።

ታክሜ ድኛለሁ፤ መቼ ነው ወደ ማሽኑ የምመለሰው?

ትኩሳት በአንድ ሳምንት ገደማ ይጠፋል፣ የደረት ሕመምና አክታ በአራት፣ ሳልና ትንፋሽ ማጠር በስድስት ሳምንት ይቀንሳሉ፤ ድካሙ በሦስተኛው ወርም ሊኖር ይችላል። ትኩሳት ጠፋ ብሎ በሳምንቱ ጭስ ውስጥ መግባት ገና ያልጠገነ ሳንባ ላይ ነው የሚያርፈው። የቀን ገቢ አይጠብቅም፤ ይገባናል። ስለዚህ ካስፈለገ መጀመሪያ በልኬት፣ በመቁረጫ መጋዝ፣ በመገጣጠም ይመለሱ፤ ብየዳው ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ መውጣት ሲችሉ ይቀጥል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ወይም የሚያጨስ ሰው በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ይደገምለት፤ የሳንባ ምች ሸፍኖት የነበረ እጢ ካለ የሚታየው ያኔ ነው።

ማስክና ማጣሪያ የሚገዛው ማን ነው?

አሠሪው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ፣ የተሰጠውን መጠቀምን ደግሞ የሠራተኛው ግዴታ ያደርጋል። በሥራ ምክንያት ታምሜያለሁ የሚል ሰው ሐኪሙ ካርዱ ላይ ሙያውን እንዲጽፍለት ያድርግ፤ «ቀን ሠራተኛ» ሳይሆን «በያጅ» ተብሎ፣ ስንት ዓመት እንደሠራም ተጨምሮ።